የመምህራችን እናት

የግል ኮሌጆች በየከተማው መከፈት በጀመሩበት ዘመን፣ ሶዶ ገበያ አጠገብ ፎቅ ተከራይቶ በሚያስተምር ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ አካውንቲንግ እማር ነበር። መምህራችን ከጎጃም የመጣ፣ በአካባቢያችን ዘመድ የሌለው ወጣት ነበር። ቆላው ሁምቦ የተማሪ ሠርግ ላይ ውሎ ሲመለስ ወባ ያዘውና ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

እናቱ የደረሱት ከተቀበረ በኋላ ነው። ወላይትኛ ስለምችል ኮሌጁ ከእሳቸው ጋር ልጃቸው ተከራይቶ ወደ ነበረበት ቤት ላከኝ። አከራይዋ አማርኛ የማይሰሙ አሮጊት ነበሩ።

«ልጄ ሲሞት ማን ነበር አጠገቡ? ምን አለ? ጠይቂልኝ» አሉኝ እናቱ።

ጠየቅሁላቸው። አከራይዋ፣ «እኔ ነበርኩ» አሉ። «ትኩሳቱ ሲበረታበት በአማርኛ ብዙ ተናገረ። ምን እንዳለ አላወቅሁም። የሚሰማው ሰው ያጣ እንዳይመስለው ብዬ፣ ለሚለው ሁሉ ‹ኤኤ፣ ኤኤ› እለው ነበር።»

ኤኤ በወላይትኛ አዎ ማለት ነው። ይህን ለእናቱ ተረጎምኩላቸው። የልጃቸውን የመጨረሻ ቃል የሚያውቅ ሰው እንደሌለ መንገሬ ነበር።

እናቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አዳመጡኝ። ከዚያ የአከራይዋን እጅ ስመው፣ «እንኳን መለሱለት። ብቻዬን ነኝ ብሎ አልሞተም» አሉ።

መናኸሪያ ስሸኛቸው፣ «አንቺስ እናትሽ ቅርብ ናት?» አሉኝ።

«እዚሁ ቅርብ፣ ሻንቶ ናት፣ እማማ።»

«እንግዲያ ሄደሽ ጠይቂያት፣ ልጄ።»

በዚያው ቀን ሻንቶ ገባሁ። እናቴ ደጅ አግኝታኝ፣ «ምን ሆነሽ መጣሽ?» ስትለኝ፣ «ልጠይቅሽ ብዬ ነው» አልኳት።