አባቴ ትልልቅ ጎማ ያስገጠመበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ የያዝኳት ባጃጅ ዳገቱ መሀል ላይ አቅቷት ማቃሰት ጀመረች። ወዲያው የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ መጣ። ሹፌሩ ወደ ኋላ ዞር ብሎ "አይዞሽ እትዬ፣ ትወጣለች" አለኝ። እኔ ግን ሳላስበው የበሩን ብረት ጨብጬ አንድ እግሬን ወደ ውጭ አውጥቼ ነበር። ያ ሽታ ሁልጊዜ እንደዚያ ያደርገኛል። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ አድርጎ የአባቴ ፒካፕ ጋቢና ውስጥ፣ በአባቴና በእናቴ መካከል ያስቀምጠኛል።

አባቴ ከወልቂጤ በኩል በወጣትነቱ መጥቶ ቦንጋ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። ተረጋግቶ መቀመጥ አያውቅም ነበር። ምሳ ሲበላ እንኳ አንድ እግሩ ይንቀጠቀጣል፤ ደንበኛ ሲጠፋ ዕቃውን ሁሉ ከመደርደሪያ አውርዶ እንደገና ይደረድራል። በየሳምንቱ ስኳር፣ ሳሙናና ጨው ጭኖ ወደ ቢታ ገነት ይሄዳል፤ ሲመለስ ጋቢናው ማርና ኮረሪማ ይሸታል። እናቴ ደግሞ የቢታ ልጅ ናት። አያቴ፣ ማለትም የእናቴ እናት፣ ከከተማዋ ወጣ ብላ ብቻዋን ስለምትኖር እናቴ ከአባቴ ጋር እየሄደች ታያት ነበር። ትምህርት በሌለ ቀን እኔም እከተላቸዋለሁ።

በክረምት ያ መንገድ መንገድ አልነበረም። ፒካፑ ጭቃ በዋጠው ቁጥር የመንደር ጎረምሶች ይገፉታል፤ አባቴ ደግሞ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ በመኪናው ዙሪያ ይሽከረከራል። አንድ ክረምት መግቢያ ላይ መታገሥ አቃተው። ጅማ ሄዶ የድሮዎቹን ጎማዎች እዚያው ለውጦ፣ መኪናውን ትልልቅ ጥርሳም ጎማዎች ላይ አቁሞ መጣ። የሰፈሩ ልጆች ዱላ ይዘን አሮጌ ጎማ እያሽከረከርን ነበር፤ ሁላችንም ጨዋታችንን ጥለን ከኋላው ሮጥን። እናቴ ወደ ጋቢናው ለመውጣት በርጩማ አስመጣች። ጎረቤታችን ጋሽ አበራ በአጥራቸው ላይ ተደግፈው ብዙ ካዩ በኋላ "ወልዴ፣ መኪናህ የታላቅ ወንድሙን ጫማ አጥልቆ ነው እንዴ የመጣው?" አሉት። አባቴም ሳቀ። ያን ቀን የማይስቅበት ነገር አልነበረም።

እውነትም ጭቃው ከዚያ ወዲያ አልያዘውም። ግን መኪናው ያ መኪና አልሆነም። ሜዳ ላይ ደህና ይሄድና ዳገት ሲያይ ጉልበቱ ይከዳዋል። መሪው ሲጠመዘዝ ጎማው ፓራፋንጎውን እየፋቀ ይጮኻል፤ ፍሬን ሲያዝ ከለመድነው ቦታ አልፎ ነው የሚቆመው። እናቴ "ይኼ ነገር ደክሟል" ስትለው አባቴ "አዲስ ነው፣ ይለምዳል" ይላታል። ጋሽ አበራ ደግሞ በአጥሩ በኩል "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ማለት ጀመሩ። አባቴ እንዳልሰማ ያልፋል፤ ጣቶቹ ግን መሪውን ይደበድባሉ።

አንድ ቅዳሜ ሦስታችንም ወደ አያቴ ጉዞ ጀመርን። ከኋላ ጭነቱ ሙሉ ነው፣ ዝናቡ አሁን ነው ያባራው። ከቢታ መለስ ያለው ረጅም ዳገት አጋማሽ ላይ ሞተሩ እንደሚያለቅስ ሰው ሲቃ ያዘውና ጠፋ። ያ ሽታ ጋቢናውን ሞላው። አባቴ ፍሬኑን በሁለት እግሩ ረገጠ፤ የእጅ ፍሬኑንም ሳበ። መኪናው ግን ቀስ እያለ፣ ጎማዎቹ ጭቃውን እየጨፈለቁ፣ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ከኋላችን ገደል አለ። እናቴ በሩን ከፍታ ስትዘል አየኋት፤ ከዚያ ከዓይኔ ጠፋች። መኪናው አንድ ጊዜ ነጠረና ቆመ።

እናቴ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አንስታ ከኋላ ጎማው ሥር ወርውራ ነበር። መዳፏ ደምቶ፣ ነጠላዋ ጭቃ ሆኖ ቆማለች። በጣም ስትናደድ አማርኛው ይጠፋባታል፤ ያን ቀን በካፊኖኖ ምን ምን እንዳለች አባቴ ግማሹን እንኳ የሰማው አይመስለኝም። እኔን ከጋቢናው ጎትታ አወረደችና በመጨረሻ በአማርኛ "ልጄን ይዤ በእግሬ እሄዳለሁ እንጂ ከእንግዲህ እዚህ ላይ አልወጣም" አለች። አባቴ መሪውን እንደያዘ ቀረ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሩ ሳይንቀጠቀጥ አየሁት። በመጨረሻ ጎረምሶች ጭነቱን አቃለሉለትና መኪናውን አዙሮ ወደ ቦንጋ ተመለሰ። እኔና እናቴም ወደ ቢታ የሚሄድ ብንጠብቅ ብናጣ፣ አላፊ የጭነት መኪና አግኝተን ተመለስን። አያቴን ሳናያት ቀረን።

ብዙም ሳይቆይ ከቢታ የመጣ የቡና ነጋዴ ሱቃችን ገብቶ አያቴ እግሯ አብጦ ከአልጋ መነሣት እንዳቃታት ነገረን። ሰው የሚጭኑት መኪናዎች በዝናቡ ምክንያት መውጣት አቁመዋል። ከዚያን ሰዓት ጀምሮ ቤታችን ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ። እናቴ ከጓዳ ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ጓዳ። ትምህርት ገና አልተዘጋምና እኔም ክፍል ውስጥ አስተማሪዬ ሲያስረዱ በመስኮት ደመናውን ነበር የማየው። አባቴ እናቴን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም፤ መኪናውን ይዞ ጋራዥ ገባ።

መካኒኩ ሸምሱ የሚባል፣ ከሞተር ድምፅ በላይ መጮኽ የለመደ ሰው ነበር። "ጋሽ ወልዴ፣ ሞተርህ ጤነኛ ነው!" አለው። "ጎማው ሲተልቅ በአንድ ዙር የሚሄደው መንገድ ረዘመ። የማትችለውን እርምጃ እየተራመድክ ዳገት ውጣ እንደማለት ነው። ጉልበቱ እንዲመለስ ጎማውን የሚያዞረው ዲፍረንሻል ውስጥ ያሉት ጥርሶች መቀየር አለባቸው።"

"የኋላውን ብቻ ብትቀይርልኝስ? ቸኩያለሁ።"

"አይሆንም! በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ነው፤ የፊቱና የኋላው ካልተስማሙ እንደተጣሉ በሬዎች እርስ በርስ ይጓተታሉ።"

አባቴ ወዲያውኑ ጅማ ሄደ፤ ጥርሶቹን ከተፈታታ መኪና ሲፈልግ ሰንብቶ በዘይት የራሰ ከባድ ጆንያ ተሸክሞ ተመለሰ። ከትምህርት ቤት ስወጣ በጋራዡ በኩል አልፋለሁ። ናፍጣና ግራሶ ይሸታል፤ ፒካፑ በእንጨት ላይ ቆሟል፤ ከሥሩ የሚታዩት የአባቴና የሸምሱ እግሮች ናቸው። ፓራፋንጎውን ቆርጠው አሰፉት፣ የፍሬን ሸራዎቹን ቀየሩ። ያለቀ ቀን እናቴ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

"አሁን ዳገት ይወጣል?"

"ይወጣል፣ እትዬ!"

"ከወጣ በኋላ ነው የማምነው" አለች። በአናጺ ያስጠረበችውን፣ ከጎማ ሥር የሚደረግ ከባድ የእንጨት ታኮ በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛ ነበር። ያንን ታኮ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አልወጣም ብላ ከማለችበት መኪና ላይ ወጣች። የታመመችው እናቷ ናትና።

ዳገቱ ሥር ስንደርስ እናቴ በሩን ገርበብ አድርጋ በአንድ እጇ ያዘችው፣ በሌላው ታኮውን። አባቴ ማርሽ ቀነሰ። የሞተሩ ድምፅ ከለቅሶ ወደ ጉርምርምታ ተለወጠ። ሳይቸኩል፣ ሳይቆም ወጣ። ባለፈው የተንሸራተትንበትን ቦታ አለፍነው። ጫፉ ላይ አባቴ መኪናውን አቁሞ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ።

እናቴ በሩን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው። "ምን ያስቆምሃል? እናቴ እየጠበቀችኝ ነው" አለችው። ድምፅዋ ግን ቁጣ አልነበረበትም።

አያቴን የመንደሩ ሰዎች በቃሬዛ እስከ መንገዱ አመጡልን። መኪናው በጣም ከፍ ያለ ስለሆነ አባቴ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ "እማማ፣ በእኔ ላይ ይደገፉ" እያለ በትከሻው ደግፎ አስወጣት። እሷም እያቃሰተች ቁልቁል አየችውና በካፊኖኖ አንድ ነገር ስትል እናቴ በሳቅ ፈነዳች። "መኪና ነው ቆጥ? ብላለች" አለችው አባቴን። ቦንጋ ሆስፒታል ከርማ ዳነች፤ ከዚያም ብዙ ክረምት ከእኛ ጋር ኖረች።

ዛሬ መንገዱ ከያኔው ጋር አይወዳደርም። አያቴም እናቴም የሉም፤ ፒካፑን አባቴ ዓይኑ ሲደክም ሸጦታል። እኔ ለሥራ ወደ ቢታ ገነት በራሴ ትንሽ መኪና እመላለሳለሁ። ያኔ አንድ ሰው ያን መንገድ ከጀመረ እስኪመለስ ድረስ ወሬው አይሰማም፤ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። አሁን ስልክ አለ፣ አባቴ ግን ያው ነው። ገና ከቦንጋ ሳልወጣ ይደውላል፤ ዳገቱ ላይ ስደርስ ደግሞ እንደገና። መኪናዋ ድምፅ ማጉያ ላይ አውጥታ ታሰማኛለች።

"የት ደረስሽ?"

"ዳገቱን ጀምሬዋለሁ፣ አባዬ።"

ስልኩን አይዘጋም። ትንፋሹ ይሰማኛል፤ የሞተሩን ድምፅ እያዳመጠ ነው። ቆይቶ "ማርሽ ቀንሺ፣ አታስጨንቂያት" ይለኛል።

የእኔ መኪና ማርሽዋን በራሷ የምትቀይር ናት። ይህን ነግሬው አላውቅም።

"እሺ አባዬ" እለዋለሁ፣ "ቀንሻለሁ።"