የኦርቪል አንደኛ

በዊስኮንሲኗ ከተማችን፣ ጡረተኛው ኦርቪል የዓመቱን ምርጥ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋቾች ደረጃ ከማውጣቱ በፊት አሰልጣኞች በስልክ ይለማመጡታል ይባላል። ማን ያምናል? ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ሸረሪት ስልኩ ላይ ጎጆ ወጥታ የልጅ ልጅ አይታበታለች።

ዘንድሮም ደረጃውን መጠጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፈና ጥግ ይዞ ተቀመጠ። አንደኛ ያደረገው ለኳስ ወርዋሪው ጋሻ ከመሆን በቀር ኳስ ነክቶ የማያውቅ አንድ ግዙፍ ተጫዋች ነው። የአርብ ዓሣ ጥብሱን ሊበላ የመጣው ሁሉ እያነበበ ስቆ አለፈ።

አሳላፊዋ ማርሊስ ግን ሳህኗን እንደያዘች መጣችበት። «አንተ ሽማግሌ፣ ጤናም የለህ? ኮከቡን ወርዋሪ ትተህ ይሄን ቁም ሳጥን? የትኛው አሰልጣኝ ደውሎ ነው የመከረህ?»

ኦርቪል ፊቱ በርቶ ወንበር ሳበላት። «ቁጭ በይና ተሟገቺኝ። ሰው እንዲያናግረኝ ብዬ ነው እሱን አንደኛ ያደረግኩት። አሰልጣኝ ቀርቶ የሚደውልልኝ ሰው የለም።»