የእትዬ ዘሀራ ሶሌዳድ

ሌሎች ልጆች የጅብና የጦጣ ተረት ሲሰሙ አድገው ይሆናል፤ እኔ ግን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ልጅ ሆኜ የሰማሁት ሁሉ ሶሌዳድ ስለምትባል ሴት ነበር።

ተራኪዋ ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ ናት። የመተማ ሰው ስትሆን በግቢያችን በር ላይ ሻይ ትሸጥ ነበር። እሷ ልጅ በነበረችበት ጊዜ ታላቅ ወንድሟ እዚያው ገዳሪፍ በሲኒማ ቤት ፊልም የሚያጫውት ሠራተኛ ስለነበር፣ በማሽኑ ክፍል ቀዳዳ እያጮለቀች ታይ ነበር። ከሁሉም አንድ የስፔን ፊልም ልቧ ውስጥ ቀረ። ንግግሩ አልገባትም፤ የሴትዮዋን ስም ብቻ፣ የፊልሙ ርዕስ ስለሆነ፣ ወንድሟ አንብቦላታል።

ያኔ መግሪብ ተሰግዶ ደንበኛው ሲሳሳ፣ ፋኖሱን ሣጥን ላይ አስቀምጣ፣ የምድጃውን ፍም በሽቦ እየቆሰቆሰች ለእኛ ለግቢው ልጆች ትጀምርልን ነበር። የከሰሉ ጢስ ከዝንጅብሉ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ዓይናችንን ቢያቃጥለንም ንቅንቅ አንልም። ሶሌዳድ በአንዲት የወደብ ከተማ በመርከብ የሄደ ባሏን ትጠብቃለች። አንድ ምሽት ባሏ ይመጣል፤ ሌላ ምሽት እሷው ተሳፍራ ሄዳ ታገኘዋለች። መጨረሻው ለምን እንደሚለያይ ጠይቀናት አናውቅም።

በአንድ የሰሊጥ አጨዳ ወቅት እናቴ እኔን ለእትዬ ዘሀራ አደራ ሰጥታ ለቀን ሥራ የኢትዮጵያ ድንበር አጠገብ ወዳለው ፋሽጋ ሄደች። በሁለት ሳምንት እመለሳለሁ ብላኝ ነበር። ድንበሩ ላይ ተኩስ ተነሣ፣ መንገዱም ተዘጋ፤ ሁለቱ ሳምንት ወር አለፈው።

አንድ ምሽት ልጆቹ ሲበተኑ ጠየቅኋት። «እትዬ፣ የሶሌዳድ ባል እውነት ይመጣል?»

ሽቦውን አስቀመጠች። «ወላሂ ልጄ፣ አላውቅም። ሴት ልጅ ሳይመሽ ትግባ እያለ ወንድሜ ፊልሙ ሳያልቅ ቤት ይሰደኝ ነበር። መጨረሻውን አንድም ቀን አላየሁትም። የምነግራችሁ ሁሉ ከራሴ ነው።»

«እናቴስ ትመጣለች?»

«እሱንም አላውቅም። ነገ ሄደን አብረን እንጠብቃታለን።»

አዎ ትመጣለች እንድትለኝ ነበር የፈለግሁት። «ውሸታም!» ብዬ ጮህኩባትና እያለቀስኩ ገባሁ።

ጠዋት ምድጃዋን አላነደደችም። ቶቧን ተከናንባ እጄን ይዛ ሎሪዎች ወደሚቆሙበት ወሰደችኝ። እዚያ አንድ የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠን፣ ከሎሪ የሚወርደውን ሠራተኛ ሁሉ ስለ እናቴ ስትጠይቅ ዋለች። በማግስቱም ሄድን፤ በሠልስቱም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሻይ አልሸጠችም።

በአሥረኛው ቀን ማሽላ ከጫነ ሎሪ ላይ እጇ በጨርቅ የተጠቀለለ ሴት ወረደች። ከስታና ጠቁራ ስለነበር እኔ አላወቅኋትም። እትዬ ዘሀራ ግን «ያቻትልሽ!» ብላ ከጀርባዬ ገፋችኝ። ሮጬ እናቴ ላይ ተጠመጠምኩ። ዘወር ብዬ ሳይ እትዬ ዘሀራ የቶቧን ጫፍ ዓይኗ ላይ አድርጋ ቆማለች።

ዛሬ እኔም ልጆች ወልጃለሁ፤ የምኖረውም እዚያው ገዳሪፍ ነው። እትዬ ዘሀራ ስታረጅ ዘመዶቿ ወደ መተማ ወሰዷትና እዚያው አረፈች። ያን ሰሞን የገላባት የድንበር መተላለፊያ ተዘግቶ ስለነበር ለቀብሯ እንኳ አልደረስኩም።

በቅርቡ የሶሌዳድን ስም ስልኬ ላይ ጽፌ ፈለግሁት። ለካስ ሶሌዳድ የስንት ዘፈን፣ የስንት ፊልም ርዕስ ኖሯል! ትርጉሙም ብቸኝነት ነው። አንዳንዶቹን አየሁ፤ ሴቶቹ ሁሉ ቆንጆዎች ናቸው። ግን አንዷም በጎንደር አማርኛ አትናገርም፣ አንዷም ሲከፋት «ያ ረቢ» አትልም። የእትዬ ዘሀራ ፊልም የትኛው እንደሆነ አላወቅሁም፤ ፍለጋውንም ተውኩት። ተረቱን ዛሬም ለልጆቼ ሳልሳሳት እነግራቸዋለሁ፤ ድምጿን ግን ላስታውስ ብል እምቢ ይለኛል። የቀረኝ አንድ ነገር ነው፦ ያኔ ኒሙ ሥር ስንጠብቅ፣ ከሩቅ የሎሪ አቧራ በታየ ቁጥር፣ ምንም ሳትናገር፣ እጄን ጠበቅ ታደርገው ነበር።