በበረኪና የታጠበ ደን

ወረርሽኙ በገባበት በፈረንጆቹ 2020 ሙሉእመቤት ያልታጠበ ነገር ቤቷ አታስገባም ነበር። የምትሠራበት የአየር መንገድ ትኬት ቢሮ ስለተዘጋ፣ ለመንገደኛ ታውለው የነበረውን ጉልበት ሁሉ ወደ በረኪና አዙራዋለች። ሙየንጋ ሰፈር ባለው የኪራይ ቤታቸው ማቶኬ የሚሉት የሚቀቀል ሙዝ ይታጠባል፣ ቁልፉ ይታጠባል፣ የቦዳ ሞተረኛ ያመጣው ፌስታል ሳይቀር ይታጠባል።

ባሏ እስክንድር ለአንድ የእርዳታ ድርጅት የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ጂኦሎጂስት ነው። መንገድ ሊዘጋ ሲል ጉድጓድ ከሚያስቆፍርበት ከካራሞጃ በጋዜጣ የተጠቀለሉ ሁለት ድንጋዮች ይዞ መጣና በር ላይ አስቀምጧቸው፣ ገላውን ታጥቦ ተኛ። ሙሉእመቤት ጋዜጣውን ጣለች። ድንጋዮቹንም በረንዳ ላይ፣ አፉ በተቆረጠ ትልቅ የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ እየነከረች በብሩሽ ፈተገቻቸው።

ጠዋት እስክንድር የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

«ሙሉ፣ ቁጥራቸውስ?»

«የምን ቁጥር?»

«በማርከር ጽፌባቸው ነበር። አንድና ሁለት።»

«እንግዲህ በደንብ ነዋ ያጠብኳቸው።»

አልሳቀም። ቁጭ ብሎ አስረዳት። ድንጋዮቹ ድሮ ዛፎች ነበሩ። ከተቀበሩ በኋላ ማዕድን ያዘለ ውሃ ውስጣቸው እየሰረገ እንጨቱን በድንጋይ ተክቶታል። አንዱን ያወጣው ከታች ካለው ጥቁር ሸክላ አፈር፣ ሌላውን ከላዩ ከተነጠፈው ግራጫ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። የታችኛው ቀድሞ የኖረ፣ የላይኛው ኋላ የመጣ ማለት ነው።

«ይሄን ተመልከች» አለ፣ ትልቁን እያገላበጠ። ቀለበቶች ይታዩበታል፤ በጋና ክረምት የሚፈራረቅበት ደረቅ አገር ዛፍ ነው። ትንሹ ግን አንድም ቀለበት የለውም፤ ዓመቱን ሙሉ ዝናብ ሲጠጣ የኖረ ነው። «ጭቃ ሸፍኖት እኔም አላየሁትም ነበር። አጥበሽ አሳየሽኝ፤ አጥበሽ ደግሞ የቱ ከየት እንደመጣ አጠፋሽብኝ።»

«ፎቶስ አላነሳህም?»

«ስልኬ ባትሪ ዘግቶ ነበር።»

«በመጠናቸውስ አታስታውስም?»

«ትንሹ ከታች ይመስለኛል። ግን ቅዳሜ የማወራው ደኑ ቀስ በቀስ ደረቀ ብዬ ነው። የሚመቸኝን ይሆናል የማስታውሰው።»

ቅዳሜ በቪዲዮ ለሙያ ባልደረቦቹ ንግግር ያደርጋል። እስከዛሬ የሚጋብዙት ስለ ውሃ ፓምፕ እንዲያወራ ነበር፤ ስለ ሌላ ነገር ሲጠሩት የመጀመሪያው ነው።

«ልሰርዘው» አለ።

ሙሉእመቤት ወደ በረንዳው ወጣች። ድንጋዮቹ የታጠቡበትን ውሃ ለደረጃው መወልወያ ብላ አልደፋችውም ነበር። አሁን ጠርቷል። በፕላስቲኩ ግድግዳ በኩል የዘቀጠው ጭቃ ይታያል፦ ከስር ግራጫ፣ ከላዩ ጥቁር።

«እስኬ፣ እስቲ ና።»

እስክንድር ተንበርክኮ አየው። «የቱን ነው ቀድመሽ ያጠብሽው?»

«ትንሹን። ብርጭቆ ሳይታጠብ ድስት ይታጠባል እንዴ?»

«አከታትለሽ ካጠብሽ እኮ ጭቃው ይደባለቃል።»

«መሃል ላይ እህቴ ደወለች።»

ከዚህ በላይ ማስረጃ አልጠየቀም። የእህትማማቾቹ ወሬ ሲጀመር እንጂ ሲያልቅ አይቶ አያውቅም፤ እንኳን አመድ ሌላም ነገር ይዘቅጥበታል።

«እንግዲያው ትንሹ ከአመዱ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ዝናቡ ኋላ ነው የመጣው። ካሰብኩት ተቃራኒ።»

«ከፋህ?»

«ርዕሱን ልኬላቸዋለሁ።»

«ይቀየራላ። እኔ የሰው በረራ ስቀይር አይደል የኖርኩት?»

ቅዳሜ እስክንድር አዲሱን ታሪክ አወራ። ሁለት ግንድ ደን እንደማይባል፣ መንገድ ሲከፈት ተመልሶ መቆፈር እንዳለበትም አልሸሸገም። ሲጨርስ አንድ አረጋዊ ድምፅ ጠየቀ፦ «የትኛው ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ በምን አረጋገጡ?»

እስክንድር ወደ ኩሽናው በር ዞረ። ሙሉእመቤት ስፖንጅ በያዘ እጇ፣ እንዳትናገር፣ የሚል ምልክት አሳየችው።

«ባለቤቴ አጥባቸዋለች» ብሎ ጀመረ፣ ኮምፒውተሩን በረንዳው ላይ ወዳለው ፕላስቲክ እያዞረ። ፕላስቲኩን ያን ጠዋት ሳታነቃንቀው ከውጭ በኩል ወልውላው ስለነበር፣ ሁለቱ ንብርብሮች ጥርት ብለው ታዩ።