ቀይ ሰደርያ የለበሰችው ጦጣ

ሠላሳ አንድ ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚነት የሠራ ሰው ጡረታ ሲወጣ ዓይኑ አብሮት ጡረታ አይወጣም። የታሪካችን ባለቤት፣ ጡረተኛዋ ሴትዮም እንደዚያው ናት። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እንኳ ስታነብ እጇ እርሳስ ፍለጋ ይሄዳል። የሱቅ ማስታወቂያ ላይ አንዲት ፊደል ተዘላ ካየች ቤቷ እስክትደርስ ስትብሰከሰክ ትሄዳለች። እንዲህ ያለ ሰው ሥራ ፈትቶ ከተቀመጠ ወይ ራሱ ያብዳል፣ ወይ ጎረቤቱን ያሳብዳል። እሷ ለጎረቤቶቿ አዘነችና ጋዜጣ ጀመረች።

ጋዜጣ ስንል አንድ ገጽ ነው። ሐሙስ ሐሙስ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፏ ትጽፈዋለች፤ ዓርብ ጠዋት የምትኖርበት ሕንፃ መግቢያ ላይ፣ ከፖስታ ሣጥኖቹ በላይ ካለው ሰሌዳ ላይ ትሰካዋለች። ገጹ አራት ዓምዶች አሉት፤ «እንስሳት»፣ «ጤና»፣ «ትዝታ» እና «ጉድ ነው»። ባለ ስምንት እጁ የባሕር እንስሳ ሦስት ልብ እንዳለው የጻፈች ሳምንት የሕንፃው ዘበኛ፣ «እማማ ጋዜጣ፣ እኔ በአንድ ልብ እንዲህ ከተቃጠልኩ እሱ እንዴት ሊሆን ነው?» ብሎ አስቋታል። ቁጭ ብሎ መዋል ለደም ዝውውር ጠንቅ ነው ብላ ስትጽፍ ደግሞ የሁለተኛ ፎቋ ልብስ ሰፊ ቆማ መስፋት ጀመረችና የሳምንቱ ቀሚስ ሁሉ ጠመመ።

ጥንቃቄዋ ግን የዋዛ አይደለም። ሦስት ቦታ ያላየችው ወሬ «ጉድ ነው» ውስጥ አይገባም። ብቻዋን አውቶቡስ እየተሳፈረች የምትሄድ ድመት ወሬ ሁለት ቦታ ብቻ ስላገኘችው አራት ወር መሳቢያ ውስጥ አቆይታዋለች። ዘበኛው በየሳምንቱ «ድመቷ አልደረሰችም?» እያለ ይጠይቃታል። ለ«ትዝታ» ግን ምስክር ፈልጋ አታውቅም። የራሷ ነዋ! የገዛ ትዝታውን የሚጠራጠር ማን ነው?

ከአንባቢዎቿ ሁሉ የምትፈራው ታላቅ ወንድሟን ነው። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሁለት መንገድ አልፎ ብቻውን ይኖራል። ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ በክንዱ ሥር ይዞ ይመጣና ሰሌዳው ፊት ቆሞ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ፣ ገጹን ከላይ እስከ ታች ይጨርሳል። ከዚያ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ ቁርስ እየበሉ ትችቱን ያወርደዋል። ወላጆቻቸው ከሞቱ ወዲህ እሷን በልጅነት ስሟ «ሚጢጢ» ብሎ የሚጠራት እሱ ብቻ ቀርቷል።

ከዕለታት አንድ ሐሙስ ለ«ትዝታ» የሚሆን ቸገራትና የመከታን ነገር ጻፈች። መከታ በልጅነታቸው የነበራቸው ውሻ ነው። እሷ ሰባት ዓመቷ፣ ወንድሟ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ሳለ፣ ወንድሟ የግቢውን በር ሳይዘጋ ቀርቶ ውሻው ወጥቶ በጭነት መኪና ተገጭቶ ሞተ። አባታቸው ወንድሟን በቀበቶ ገረፈው። ታሪኩ ቤት ውስጥ ስልሳ ዓመት ሙሉ ሲነገር የኖረ ነው። እሷም ሳቅ ጨመረችበት፤ «ወንድሜ በኋላ ሹፌር ሲሆን የአውቶቡሱን በር ሳይዘጋ እንዳይነዳ ስጸልይለት ኖሬያለሁ» ብላ ደመደመች።

ቅዳሜ ወንድሟ መጣ። ሰሌዳው ፊት ቆሞ አነበበ። ከዚያ ዳቦውን ለዘበኛው ሰጥቶ፣ ደረጃውን ሳይወጣ፣ ተመልሶ ሄደ።

ሥራ ይዞት ይሆናል አለች። በሚቀጥለው ቅዳሜም ቀረ። ስልክ ብትደውል አያነሳም። ሰኞ ዕለት ጃንጥላዋን አንስታ ቤቱ ሄደች። ወንድሟ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ድንች ይልጣል።

«ወንድም ጋሼ፣ አመመህ እንዴ?»

«ደህና ነኝ።»

«ታዲያ ምነው ቀረህ?»

«ቀረሁ።»

«በውሻው ነው? በቀልድ ነው እኮ የጻፍኩት! ስልሳ ዓመት ያለፈው ነገር ዛሬ ያስኮርፋል?»

ድንቹን አስቀመጠ። «በሩን ክፍት የተውሽው አንቺ ነሽ፣ ሚጢጢ።»

«ኧረ ባክህ!»

«ከሆስፒታል ከወጣሽ ሳምንት አልሞላሽም። ጦጣ የሚያስጨፍር ሰውዬ በደጅ ሲያልፍ ከበሮውን ሰምተሽ ሮጠሽ ወጣሽ። እኔ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ዞር ስል በሩ ወለል ብሏል፤ መከታ የለም።»

«ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አልክ?»

«አባባ ቀበቶውን ሲፈታ አየሁት። አንቺ ደግሞ ስትተነፍሺ ደረትሽ ያፏጫል። ምን ልበል? እኔ ነኝ አልኩ። አለቀ።»

 «አለቀ» ቢልም ግን አላለቀለትም።

«ያስከፋኝ ግርፊያው አይደለም። የምታውቂ ነበር የመሰለኝ። ይሄን ሁሉ ዘመን ሁለታችንም አውቀን ዝም ያልን ነበር የመሰለኝ። እማማ ታሪኩን ባነሳች ቁጥር አቀርቅረሽ ስትስቂ፣ በልብሽ የምታመሰግኚኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ ዝም ያልኩት ብቻዬን ነው።»

ወደ ቤቷ ስትመለስ መጀመሪያ የተሰማት ንዴት ነበር። የአንድ ሰው ቃል ነው፤ ምስክር የለውም። ሰው ሲያረጅ ትዝታው ይደባለቃል፣ ራሷ «ጤና» ላይ ጽፋዋለች። እንዲህ እያለች ሦስተኛ ፎቅ ደረሰች። ልብሷን ሳትቀይር የቆዩ ገጾቿን የምታስቀምጥበትን ካርቶን ጎትታ አወጣች። ጦጣ የሚለው ነገር አላስቀምጣት ብሏል።

ከሁለት ዓመት በፊት የጻፈችው አንድ «ትዝታ» ተገኘ። «ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ጦጣ የሚያስጨፍር ሰው አለፈ። ጦጣዋ ቀይ ሰደርያ ለብሳለች። እጇን ጨበጥኳት፤ መዳፏ ቀዝቃዛ ነበር።» ጎረቤቶቿ ወደውላት ነበር። ወንድሟም ያን ሳምንት፣ «ጦጣዋን ታስታውሻለሽ ማለት ነው?» ብሎ ትክ ብሎ አይቷት እንደነበር አሁን ትዝ አላት። እሷም «እንዴታ!» ብላዋለች። ምስኪን፣ ምን ያህል ደስ ብሎት ይሆን የሄደው!

የግቢያቸው በር ከላይ እስከ ታች ድፍን ቆርቆሮ ነበር። የጦጣ እጅ ለመጨበጥ የግድ መውጣት ያስፈልጋል። ለመውጣት ደግሞ መክፈት። ሁለቱ ትዝታዎች አንድ ካርቶን ውስጥ ተቀምጠው፣ አንድ ቀን እንኳ ጎን ለጎን አድርጋ አንብባቸው አታውቅም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይሏል ይህ ነው። የማታውቃትን የአውቶቡስ ድመት አራት ወር ስታጣራ፣ የገዛ ወንድሟን ግን ያለ ማጣሪያ ሰሌዳ ላይ ሰቅላዋለች። አፈረች። ብቻዋን ተቀምጣ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

የማተሚያ ቤቱ ደንብ ግልጽ ነበር፤ ስህተት በወጣበት ዓምድ፣ በወጣበት ፊደል መጠን ይታረማል። ሐሙስ ቁጭ ብላ ስድስት ጊዜ ጽፋ ስድስት ጊዜ ቀደደች። «ለተፈጠረው ስህተት ይቅርታ እንጠይቃለን» የሚለውን ሐረግ በሥራ ዘመኗ ሺህ ጊዜ አሳልፋዋለች፤ አሁን ግን የሰው እግር የረገጠ ሰው የሚናገረው መሰላት። በመጨረሻ እንዲህ አለች፦

«እርማት። ውሻችን መከታ የሞተው በወንድሜ ጥፋት ነው ብዬ ጽፌ ነበር። ሐሰት ነው። በሩን ከፍቼ የወጣሁት እኔ ነኝ። ወንድሜ ለእኔ ሲል ተገርፏል። እኔ ይህን ሳላውቅ ስልሳ ዓመት ስቄበታለሁ።»

ዓርብ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ አንብባ ዓይኗን ጠረገች። ዘበኛው ግን አንብቦ ዝም አላለም፤ ለወንድሟ ስልክ ደወለ።

ቅዳሜ ወንድሟ መጣ፤ ዳቦ አልያዘም። እሷ ከማለዳ ጀምሮ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀው ነበር። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ አነበበ። ደግሞ አነበበ።

«ይሄን ሁሉ ለሰው መንገር ምን አስፈለገ?» አለ፤ ድምፁ ግን የሚቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም።

«ወንድም ጋሼ፣ እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። አባባ አንተን እንደ ጥፋተኛ እያየ ሞተ። በመጨረሻው ሳምንት አጠገቡ የነበርኩት እኔ ነኝ። ያኔ አውቄ አንድ ቃል ብነግረው ኖሮ...»

«ማን? አባባ?» ወንድሟ ፈገግ አለ። «አባባማ ያውቅ ነበር።»

«ምን?»

«የዚያኑ ቀን ሲመሻሽ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና ጀርባዬን ቅባት ቀባኝ። ‹አንተ እንዳልሆንክ ገና አፍህን ስትከፍት አውቄያለሁ› አለኝ። ‹ታዲያ ለምን መታኸኝ?› አልኩት። ‹ስለዋሸኸኝ ነዋ› አለ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተነሳ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለና፣ ‹ግን እህትህም ብትሆን፣ እናትህም ብትሆን፣ ማንም ከጠየቀህ እንዳትለውጥ፤ ያንኑ ተናገር› ብሎኝ ወጣ።»

አለቀሰች። ዘበኛው እያየ፣ ሰው ደረጃውን እየወጣና እየወረደ፣ ፊቷን እንኳ ሳትሸፍን አለቀሰች። አንዲት ትንሽ ልጅ እንዳታዝን ብለው አባትና ልጅ ተማምለው ኖረዋል፤ ልጅቷ አድጋ፣ አርጅታ፣ እንዲህ ተወድዳ መኖሯን ዛሬ ሰማች።

ወንድሟ የደረጃውን ብረት ይዞ፣ ጉልበቱን እያባበለ፣ ቀስ ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ከመጀመሪያው ንገረኝ» አለችው። «ከጠዋቱ ጀምረህ። ምንም እንዳትዘልል።»

«ምን ያደርግልሻል አሁን?»

«ብቻህን የያዝከው ይበቃል።»

ወንድሟ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደና ያን ጠዋት ያሰጣው ስለነበረው ልብስ ይነግራት ጀመር።