ሁለት እጆች በአንድ ራጅ

ትናንት የልጅ ልጄ የስልኳን መብራት መዳፏ ሥር አብርታ፣ ጣቶቿ ፍም መስለው ሲቀሉ "እማማ፣ እዪማ!" ብትለኝ ልቤ ዳንግላ ሄደ። ሰው ሲያረጅ እንዲህ ነው ልጄ፤ ትንሽ ነገር ይዞት ይጠፋል።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ቤታችን ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ነበር። ቀኝ እጄ አንጓ ላይ ሽምብራ ታህል የነበረች እብጠት አድጋ ትንሽ ድንች አከለች፤ እርሳስ ስይዝ ትጠዘጥዘኛለች። የሚኒስትሪ ፈተና ደግሞ ደርሷል። ከሰፈራችን ሴቶች ትምህርት ቤት የምሄደው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ያውም በአባቴ ግትርነት። አክስቴ "አጥንቷ በስብሷል፤ በጋለ ማጭድ ትተኮስ" አለች። ተተኩሳ ጣቷ የደረቀ ሴት አውቅ ስለነበር ፍርሃት ገደለኝ። አባቴ ግን "ልጄን ብረት አያገኛትም!" ብለው በማግስቱ በፈረሳቸው አፈናጥጠው ዳንግላ ወሰዱኝ።

የክሊኒኩ ቁስል አጣቢ፣ ድሬሰሩ፣ መስኮቱን ዘግቶ እብጠቷን በእጅ ባትሪ ከጎን ቢያበራባት፣ እንደ በሰለ ኮክ ቀልታ በራች። "ውሃ የቋጠረች ትመስላለች፤ አጥንቷን ግን በራጅ ይዩላት" ብሎ ባሕር ዳር ሆስፒታል ላከን። በጭነት መኪና፣ የበርበሬ ጆንያ ላይ ተቀምጠን፣ እያስነጠስን ደረስን።

የራጁ ክፍል ጨለም ያለ ነበር፤ የማላውቀው መድኃኒት ይሸታል። ማሽኑ ሲያጉረመርም እጄ ተንቀጠቀጠ። አንዱ ፊልም ተበላሸ፣ ሁለተኛውም። ባለሙያው ተቆጣ፤ "ካልረጋች አይወጣም! የቀረኝ አንድ ፊልም ነው" አለ። ያኔ አባቴ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብስበው፣ እርፍ ያሻከረውን እጃቸውን ከእጄ ጎን ዘረጉ። "በል አሁን አንሳ፤ ሁለታችንንም።" ትንሿ ጣታቸው ትንሿን ጣቴን ነካች። ረጋሁ።

ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ይዞ "አጥንቷ ደህና ነው፤ እንዳትተኩሷት" አለና ውሃውን በመርፌ ቀዳልኝ። አባቴ ትልቁን እጅ እያዩ "ወይ ጉድ! ሳልሞት አጥንቴን አየሁት" ብለው አማተቡ፤ ከዚያ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ፊልሙን ይዘነው ተመለስን። ፈተናውን በዚያው እጄ ጻፍኩ፤ ሠላሳ ዓመትም ጠመኔ ይዤ አስተማርኩበት። አባባ፣ ነፍስዎን ይማር፤ እጄ የእርስዎ ውለታ ነው።

ሲሞቱ ለለቅሶው ፎቶግራፋቸው ተፈለገ። ተነስተው አያውቁም። ፈረሳቸው ተጭኖ፣ ልብሳቸው ተዘርግቶ ተለቀሰ። እኔ ያለኝ ያ ፊልም ብቻ ነበር፤ መቼም የሰው አጥንት ለለቀስተኛ አይወጣ! ነጠላዬ ሥር ደብቄ፣ ትንሿን ጣታቸውን በጣቴ እየዳበስኩ ተቀመጥኩ።