ወደ ፓርላማ አባሏ የተላኩት ሽማግሌ

ደብዳቤው ሲደርሰን አስቀድሞ ተጽፎ ያለቀ ነበር። ለእኛ የቀረልን ከግርጌው ስም ማስገባት ብቻ ነው። የላከው አባቴ አብሮት የሚያድነው የአዳኞች ቡድን መሪ ሲሆን ከላይ የራሱን ማሳሰቢያ አክሎበታል፦ ረቂቅ ሕጉ ገና በኮሚቴ እጅ ነው፣ እያንዳንዱ ዜጋ ለሚወክለው የፓርላማ አባል ዛሬውኑ ይጻፍ፣ አሁን ዝም ያለ በኋላ እንዳያማርር። ሐሳቡ አልከፋኝም። ዛሬም አይከፋኝም። ሰው የሚነካው ሕግ ሲረቀቅ ዝም ማለት የለበትም። የቀፈፈኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

ረቂቁን ከስዊድን ፓርላማ ድረ ገጽ አውርጄ ከነማብራሪያው አነበብኩት። ለአደን የሚሰጠውን ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ፈቃድ የሚያጠብብ ሕግ ነው። በእጅ የሚቀባበለውን አይነካም። ለብዙዎቹ አዳኞች በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የምቾት ነው፤ ለአባቴ ግን የማደንና ያለማደን ጉዳይ ነበር። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ አውቶቡስ ነጂ ነበር። የቀኝ ትከሻው ተቀዶ ተሰፍቷል፤ ክንዱን ወደ ኋላ ስቦ ማቀባበል አይችልም። የእሱ ጠመንጃ አንዱ ጥይት ከወጣ በኋላ ሁለተኛውን ራሱ ያጎርሳል። በመጀመሪያው ጥይት ያልወደቀ እንስሳ ቆስሎ ጫካ ውስጥ ሲሰቃይ እንዳይውል ሁለተኛው ቶሎ መከተል አለበት። ሁለተኛውን ቶሎ መተኮስ የማይችል ሰው በቡድኑ ውስጥ ቦታ አይሰጠውም፤ እኔም ብሆን አልሰጠውም።

ቦታ የምለው ከከተማው ዳርቻ፣ ከሁዲንጌ ወዲያ ባለው ጫካ ውስጥ፣ ኤልይ የሚባለው የዚህ አገር ግዙፍ አጋዘን ሲነዳ አባቴ ቆሞ የሚጠብቅበትን ነው። ሽቅብ የሚያይ ድንጋያማ ጉብታ ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከሥራ ባልደረቦቹ መካከል ስልክ የሚደውሉለት ከእሱ ጋር የሚያድኑት ብቻ ናቸው። ጠመንጃው ከሄደ ቦታው ይሄዳል፤ ቦታው ከሄደ ስልኩም ዝም ይላል። ይህን አባቴ በአፉ ብሎት አያውቅም። መስከረም ሲመጣ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ማስቀመጡን ግን አያለሁ።

ተዘጋጅቶ የመጣውን ደብዳቤ ትቼ የራሴን ጻፍኩ። ግማሽ ገጽ ነበር፤ ስለ ትከሻው፣ ስለ ማቀባበል፣ ስለ ሁለተኛው ጥይት። ከመላኬ በፊት ለቡድኑ መሪ አሳየሁት። እሱ በአውቶቡስ ጋራዡ ሜካኒክ የነበረ፣ አባቴን ወደ አደን ያስገባ ሰው ነው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አነበበው።

«ጥሩ ነው» አለኝ። «ግን ትከሻ ማንንም አያንቀሳቅስም።»

«እውነቱ እሱ ነው።»

«አውቃለሁ። ከጦርነት የሸሸ ሰው ነው በል። ሰፈሩ ውስጥ ወሮበሎች ያለ ፈቃድ ይተኩሳሉ፣ ፈቃድ ያለው እሱ ይቀጣል በል። እናንተ ስደተኞች ስትሉት ሌላ ነው፤ ይሰማል።»

«እኛ የምንኖረው ሃግሴትራ ነው። እዚያ የምንሰማው የቱነልባናውን ባቡር ፍሬን ነው።»

«እንግዲያው ሪንከቢ በል። ማን ያጣራል?»

ሪንከቢ በተኩስ ስሙ የሚነሣ፣ ከእኛ ራቅ ያለ ሰፈር ነው። አባቴ ጦር ሜዳ ስለነበረበት ጊዜ ለእኔ አንድ ቀን እንኳ አውርቶልኝ አያውቅም። ይህ ሰው ግን የማያውቀውን ነገር ከትከሻው የተሻለ ይሸጣል ብሎ ዋጋ አወጣለት። ወረቀቱን ተቀብዬ አጠፍኩትና ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ስነግረው አባቴ አልተናደደም።

«ድሮውንም ደብዳቤ ማንም ይጽፋል» አለ። «ትልቅ ነገር ስትለምን ሰው ነው የምትልከው።»

«እዚህ አገር ለፓርላማ አባል ሽማግሌ አይላክም፣ አባዬ።»

«የመረጣት ሰው ነው። ሰው ቢመጣባት ምን ትሆናለች?»

በረቂቁ ውስጥ ሽማግሌ መላክን የሚከለክል አንቀጽ አልነበረም።

ሊልክ ያሰበው ከቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸውን ጋሼን ነው። ሪንከቢ ይኖራሉ፤ በሆስፒታል ጽዳት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ስንት ትዳር ያስታረቁ ሰው ናቸው። በሚኖሩበት ሕንጻ ደረጃ ላይ አንድ ልጅ በጥይት ተገድሏል። ደሙ ከታጠበ በኋላም ለብዙ ጊዜ በዚያ በር አልወጡም፤ በቆሻሻ መጣያው በኩል ዞረው ይገቡ ነበር። ይህን እያወቀ እሳቸውን መምረጡ ገርሞኝ ጠየቅኩት። «ለዚያ ነው» አለኝ። «ጠመንጃ የሚጠላ ሰው ቢለምንልኝ ለራሱ ነው አይባልም።»

ቤታቸው ሄድን። ጋሼ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰምተው አባቴን ቁልቁል አዩት።

«ጠመንጃ ነው የምታስለምነኝ?»

«ትከሻ ነው፣ ጋሼ።»

«እስቲ አንሳው።»

አነሳው።

«እስከዚህ ብቻ?»

«እስከዚያ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዓሣ አታጠምድም?»

«እሱም መወርወር አለው።»

ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «የሚተረጉምልኝ ይሄ ነው? ሽማግሌ ብቻውን አይሄድም፤ አንተም ሽማግሌ ነህ እንግዲህ። ጢም የለህም እንጂ።»

«ይበቅላል፣ ጋሼ።»

«እስኪበቅል ሕጉ ይወጣል።»

የፓርላማ አባሏ ያን ቅዳሜ ሃግሴትራ አደባባይ ላይ ድንኳን ተክላ ከነዋሪ ጋር እንደምትነጋገር በማስታወቂያ አይተን ነበር። ጋሼ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባታቸውን አሥረው መጡ። አባቴ እንደ ወጉ አልተጠጋም፤ ጉዳዩ የሚለመንለት ሰው አጠገብ አይቆምም። በቱነልባናው መውጫ በኩል አግዳሚ ላይ ተቀመጠ።

በድንኳኑ ሥር በፔርሙስ ቡናና የቀረፋ ዳቦ ነበር። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሰላምታ ጀመሩ። የሴትየዋን ጤና፣ የልጆቿን፣ የሥራዋን ጠየቁ፤ ከልጃቸው የምታንስ ሆና ሳለ «እርስዎ» ነበር የሚሏት። አንዱንም ሳልዘል ተረጎምኩት፤ ስዊድንኛው አክብሮቱን ባይችለውም። ሴትየዋ ፈገግ ብላ አጠገቧ ያለውን ረዳቷን አየችው። ጋሼ ገና ወደ ጉዳዩ ሳይገቡ ከየት እንደመጡ ጠየቀች። ሪንከቢ ስላት ፊቷ ተለወጠ፤ ያዘነች መሰለች።

«እዚያ እየኖሩ ስለ ጦር መሣሪያ ምን ይሰማዎታል?» አለች።

ጋሼ ሲጠየቁ የሚዋሹ ሰው አይደሉም። «እኔን ከጠየቁኝ የዓለም ጠመንጃ ሁሉ ቢቀልጥ ደስ ይለኛል» አሉ። «የመጣሁት ግን ስለ አንድ ሰው ነው። ታማኝ ሰው ነው፣ ትከሻው ተጎድቷል። እሱን ከወንበዴ ጋር አንድ ላይ እንዳትቆጥሩት ልለምንዎ ነው።»

ቆርጠው እንዳይወስዱት ስለፈራሁ ትንፋሽ ሳልወስድ በአንድ ላይ ተረጎምኩት። «ግን» የምትለዋን ጠበቅ አድርጌ ነው ያልኳት። ከዚያ ስለ ማቀባበል አስረዳኋት። ራሷን ነቀነቀች፤ «ይዤው እሄዳለሁ» አለች። እዚህ አገር ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የሚላት ቃል ናት፤ የሰማሁህ መሰለኝ፣ አሁን ሂድልኝ ማለት ናት። ረዳትየው ፎቶ ማንሳት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። ጋሼ አክብሮት መስሏቸው ቀጥ ብለው ቆሙ። እኔም ከጎናቸው ነበርኩ።

«ይዤው እሄዳለሁ ብላለች» ብለው ጋሼ አግዳሚው ላይ ለጠበቀን አባቴ ነገሩት። አባቴ ብድግ ብሎ ጉልበታቸውን ሊነካ ጎንበስ አለ፤ ትከሻውን ይዘው አነሱት፤ በደህናው በኩል።

በዚያው ከሰዓት ፎቶው ወጣ። ከሥሩ የሴትየዋ ጽሑፍ አለ፦ ዛሬ አንድ የሪንከቢ አባት «የዓለም ጠመንጃ ሁሉ ቢቀልጥ ደስ ይለኛል» አሉኝ፤ ይህን ሕግ የምደግፈው ለእሳቸው ስል ነው። አለቀ። ከ«ግን» በኋላ ያለው ሁሉ የለም። ከታች የልብ ምልክት የደረደሩት ሰዎች ብዙ ነበሩ። ጋሼን አንዳቸውም አያውቋቸውም፤ ደረጃቸውን ትተው በቆሻሻ መጣያ በኩል ይገቡ እንደነበርም አያውቁም።

የቡድኑ መሪ ፎቶውን አየ። እኔን ያውቀኛል፤ ሥጋ ሲከፋፈል ሁለት ጊዜ ከአባቴ ጋር ሄጄ ቢላ ይዣለሁ። ደወለ። አባቴ ድምፁን ክፍት አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ልጅህ ከእነሱ ጋር ቆሟል» አለ መሪው።

አባቴ ሁሉንም አስረዳው። ሽማግሌ መላክ ምን ማለት እንደሆነ በስዊድንኛ ሲያስረዳ ሰማሁት፤ ረጅም ነበር፣ ጥሩም ነበር።

«እኔ ይገባኛል» አለ ሰውየው። «ሌሎቹ ናቸው። ዘንድሮ ብታርፍ ይሻላል። ቦታህ ላይ የልጄን ባል አስገባዋለሁ፣ ለጊዜው።»

ከሳምንታት በፊት እያንዳንዱ ዜጋ ተወካዩን ያነጋግር ብሎ የጻፈ ሰው ነው። አነጋገርናት። ያልወደደው እሱ በጻፈልን ቃል አለማነጋገራችንን ነው። ሴትየዋም ሰማችን፤ የሰማችው ቀድማ የምትፈልገውን ግማሽ ነው። ሁለቱ ወገኖች በአደባባይ ይሰዳደባሉ፣ አንዱ የሌላውን ስም ሲጠራ ፊቱ ይቀላል። የአባቴን ትከሻ ለመርገጥ ሲሆን ግን አንድም ቀን ሳይነጋገሩ ተስማሙ። እንዲህ ያለውን ነገር እንደ ፖለቲካ ቆጥሮ የሚያልፍ ሰው አለ። እኔ አላልፈውም፤ እጄን ብታጠብም የሚለቅ አልመሰለኝም።

ለሴትየዋ ቢሮ ጻፍኩ። ጋሼ የተናገሩትን ሙሉውን፣ በአማርኛም በስዊድንኛም አስቀምጬ፣ ጽሑፉ እንዲታረም ጠየቅኩ። ረዳትየው መለሰልኝ። ጥቅሱ ትክክል ነው፤ ያላሉት ነገር አልተጻፈም፤ ስለ ተሳትፎህ እናመሰግናለን። ደጋግሜ አነበብኩት። እውነቱን ነው፤ ያላሉት ነገር አልተጻፈም።

ጋሼ ወሬውን ከቤተ ክርስቲያን ሰምተው ወደ ቤታችን መጡ። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ስልኬ ላይ ያለውን አነበብኩላቸው።

«ሁሉንም ነግረሃታል?» አሉኝ።

«ሁሉንም ነግሬያታለሁ፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ። ለመጠየቅ ያህል ነው።»

መጠየቃቸው ከሁሉም በላይ ጎዳኝ። አልፈረድኩባቸውም።

አባቴ «ይተዉት ጋሼ፣ አልቋል» አለ። «ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል።»

«ያንተ ጉዳይ አልቆ ይሆናል፤ እኔ የተላክሁበት አላለቀም። ልለምንልህ ሄጄ አክስሬህ ተመለስኩ። እንዲህ ተብሎ ሰው ፊት አይቆምም።» ወደ እኔ ዞሩ። «ሽማግሌ አንድ ጊዜ ብቻ ሄዶ አይቀርም። ተነሥ።»

አባቴ አልመጣም። የአደኑ ሰሞን ገብቶ ነበር፤ ስልኩን ፊቱን ወደ ታች ደፍቶ ቲቪ እያየ ቀረ።

ፓርቲው ያን ቀን ድንኳኑን አደባባዩ ላይ መልሶ ተክሎ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከሥሩ ተመልሶ መቆም ያስጠላኝ ነበር። ሴትየዋ አልነበረችም። የፓርቲውን ጃኬት የለበሰ ጎልማሳ ሰው ቡና ይቀዳል። ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ የዚህን ሰው ጤና ግን አልጠየቁም። ቃላቸውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ስለ ጠመንጃውም ስለ ትከሻውም ተናገሩ። ተረጎምኩ። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ፤ ይዤው እሄዳለሁ አለ፤ ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

«ምን አለ?» አሉኝ ጋሼ።

«ፎቶ ላንሳዎት ነው የሚለው።»

«በመጀመሪያ የሰማውን ይድገምልኝ በለው።»

ነገርኩት። ሰውየው ሳቀ፤ እኛ ስላልሳቅን ተወው። «ጠመንጃ ሁሉ ቢቀልጥ ደስ እንደሚላቸው» አለ፤ ከዚያ እንድረዳው አየኝ።

ጋሼ የተረጎምኩላቸውን ሰምተው «እሺ፣ ቀጥሎስ?» አሉ።

አልረዳሁትም። ከኋላችን ቡና የሚጠብቁ ሰዎች ተሰልፈዋል፤ አንዲት ሴት ሰዓቷን አየች። ሰውየው ወደ ፔርሙሱ፣ ወደ ሰልፉ፣ ወደ ጋሼ አየ። ጋሼ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘው አልተነቃነቁም። ሁለተኛውን ግማሽ እስኪያመጣው ቆመን ጠበቅነው።